ቪኤስ ኮድ «ሪፖ የለም» ይለኛል፤ ፎልደሩ ግን እዚያው አለ

ጀማሪ_ጅማ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የመመረቂያ ፕሮጀክት እየሠራን ነው፤ ሦስት ልጆች ነን። የኔ ላፕቶፕ ዲስኩ ስለሞላ ፕሮጀክቱን የምንይዘው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ትናንት ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሰክተነው ሠራን፣ ኮሚት አደረግን (ለውጡን በጊት ታሪክ ውስጥ መዘገብን)፣ ሁሉም ሰላም ነበር። ዛሬ እኔ ጋ ሰክቼ ፎልደሩን በቪኤስ ኮድ (ኮድ በምንጽፍበት ኤዲተር) ስከፍተው ሶርስ ኮንትሮል፣ ማለትም የጊት ለውጦች የሚታዩበት ክፍል፣ ባዶ ነው። ይህ ፎልደር የጊት ሪፖ (ጊት የፕሮጀክቱን የለውጥ ታሪክ የሚይዝበት ማኅደር) የለውም ይላል። ከሥሩ «ኢኒሻላይዝ ሪፖዚተሪ» የሚል በተን ብቻ አለ።

የተደበቁ ፋይሎችን ከፍቼ አየሁ። ዶት ጊት የሚለው ፎልደር ቦታው ላይ አለ። ቪኤስ ኮድን አንኢንስቶል አድርጌ ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ በነበረው ኢንስቶለር መልሼ ጫንኩት። ያው ነው። ጊትን ግን በቅርቡ ከድረ ገጹ ነው ያወረድኩት፤ አዲስ ነው። ዊንዶውስ 10 ነው የምጠቀመው።

የሴሚስተሩ ሥራ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። በተኑን ልጫነው ወይስ ይቅር? እባካችሁ የሚያውቅ ይርዳኝ።

ፈጣን_ኮደር፦

ቀላል ነው ወንድሜ። ዶት ጊት ፎልደሩን ደልተው፣ በተኑን ተጫን፣ እንደ አዲስ ኮሚት አድርግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባክኤንድ_ሐዋሳ፦

ጀማሪ_ጅማ፣ እባክህ ምንም ነገር እንዳትደልት! ኮሚቶቻችሁ፣ ብራንቾቻችሁ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች)፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚናገረው ታሪክ በሙሉ ያለው ዶት ጊት ውስጥ ነው። እሱን ብትደልተው የሚቀርልህ የዛሬው ፋይል ብቻ ነው። ወደ ጊትሀብ (ሪፖ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት አገልግሎት) ፑሽ ያላደረጋችሁት፣ ማለትም ያልላካችሁት፣ ካለ ተመልሶ አይመጣም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ ማን ምን እንደሠራ የሚያሳየው ማስረጃችሁ ታሪኩ ነው።

በመጀመሪያ ፎልደሩን እንዳለ፣ ከነተደበቀው ፋይል፣ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገው። በተኑን በስህተት ተጭነኸው ቢሆን እንኳ አትደንግጥ። በተኑ የሚጠራው ጊት ኢኒት የሚለው ትዕዛዝ ሪፖ ባለበት ቦታ ሲደገም የነበረውን አያጠፋም። ግን ችግርህንም አይፈታም።

አሁን ወደ ዋናው። ቪኤስ ኮድ የራሱ ጊት የለውም። ማሽንህ ላይ የተጫነውን ጊት ነው የሚጠራው። አንተ ተርሚናል ላይ የምትጽፈውን ትዕዛዝ እሱ ከኋላ ሆኖ ይጽፍልሃል፤ የመጣውን መልስ አንብቦ በዝርዝርና በቀለም ያሳይሃል። መልሱን ካልተረዳው ደግሞ ዝም ብሎ «ሪፖ የለም» ይላል። ለዚህ ነው ኤዲተሩን አራግፎ መጫን ያልረዳህ። ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኢንስቶለሩ ነው፤ መሄድ ያለበት ግን ወደ ሎጉ (ፕሮግራሙ የሠራውን ወደሚመዘግብበት ጽሑፍ) ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ሁለት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ ኮንትሮል ሺፍት ፒ ተጫንና «ጊት፦ ሾው ጊት አውትፑት» የሚለውን ፈልገህ ክፈት። ከታች የሚመጣውን ጽሑፍ አንብበው። ሁለተኛ፣ ተርሚናሉን እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ክፈትና «ጊት ስታተስ» ብለህ ጻፍ። የሁለቱንም መልስ እዚህ ለጥፍልን።

ጀማሪ_ጅማ፦

እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ኮፒው አልቋል። ሁለቱም ጋ የሚመጣው ተመሳሳይ ነው፦

«ፋታል፦ ዲቴክትድ ዱቢየስ ኦውነርሺፕ ኢን ሪፖዚተሪ»

ቀጥሎ የፎልደሩን አድራሻ ያሳያል፤ ኢ ድራይቭ ላይ ነው። ከዚያ ይህ ፋይል ሲስተም ባለቤትነትን አይመዘግብም የሚል መስመር አለ። መጨረሻ ላይ አንድ ትዕዛዝ ሰጥቶኛል፣ «ሴፍ.ዳይሬክተሪ» የሚል ቃል ያለበት። ቫይረስ ነው እንዴ?

ባክኤንድ_ሐዋሳ፦

ቫይረስ አይደለም፤ የሪፖው ባለቤትነት አጠራጣሪ ነው ማለቱ ነው። ተገኘ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ 2014፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ኤፕሪል 2022፣ ጊት 2.35.2 ሲወጣ አንድ የደህንነት ጥበቃ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ጊት አንድን ሪፖ ከመክፈቱ በፊት «የዚህ ፎልደር ባለቤት አሁን ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው ሰው ነው ወይ?» ብሎ ያጣራል። ካልሆነ ወይም ማወቅ ካልቻለ አልከፍትም ይላል።

ለምን አስፈለገ? የዩኒቨርሲቲ ላብ አስብ። አንድ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ተማሪ በየአካውንቱ ይገባል። አንዱ ሲ ድራይቭ ሥር ላይ የራሱን ዶት ጊት ፎልደር ያስቀምጣል። አንተ ከዚያ ሥር ያለ ሌላ ፎልደር ስትከፍት ጊት ሪፖ ፍለጋ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል፤ ያንን ያገኛል፤ ውስጡ ያለውን ኮንፊግ (የሴቲንግ ፋይል) ያነባል። ኮንፊግ ውስጥ ደግሞ ፕሮግራም የሚያስነሱ መስመሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ያ ፕሮግራም የሚሠራው በአንተ ስም፣ በአንተ ፈቃድ ነው። አንተ የከፈትከው ኤዲተር ብቻ ነው፤ ምንም አልተጫንክም። ጥበቃው የመጣው ይህን ለመዝጋት ነው።

ያንተ ዲስክ ኤክስፋት ወይም ፋት32 ይመስለኛል። እነዚህ ፋይል ሲስተሞች (ዲስክ ላይ ፋይል የሚደራጅባቸው መንገዶች) «ይህ ፋይል የእገሌ ነው» የሚል መረጃ አይዙም። ስለዚህ ጊት ባለቤቱን ቢፈልግ አያገኝም። ኤንቲኤፍኤስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባለቤት ሆኖ የሚታየው የጓደኛህ ላፕቶፕ ላይ ያለው አካውንት ይሆን ነበር፤ ጊትም ያው አልከፍትም ይል ነበር።

መፍትሔው የሰጠህን ትዕዛዝ መጻፍ ነው፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል --አድ ሴፍ.ዳይሬክተሪ ኢ:/ፕሮጀክት

አድራሻውን ኤረሩ ላይ ካለው ኮፒ አድርግ፤ ስላሹ ወደፊት ያዘነበለው ነው። «ግሎባል» የሚለውን እንዳትተወው። ሪፖው ውስጥ ባለው ኮንፊግ ብትጽፈው ጊት አይሰማህም፤ አለዚያማ ያ የላቡ ልጅ ራሱ «እኔ ታማኝ ነኝ» ብሎ ሊጽፍልህ ነው። ከዚያ ቪኤስ ኮድን ሙሉ በሙሉ ዝጋና ክፈት።

ጓደኛህ ፍላሽ ላይ ያለው ኢንስቶለር የቆየ ይመስለኛል። አዳዲሶቹ የቪኤስ ኮድ ቨርዥኖች ይህን ኤረር ስለሚያውቁት «ማኔጅ አንሴፍ ሪፖዚተሪስ» የሚል በተን ያመጣሉ። ያንተው የቆየ ስለሆነ ሪፖ የለም ብሎ አለፈው።

ሊኑክስ_ወዳጅ፦

ትክክል። እኔ ግን አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል እላለሁ። በአድራሻው ቦታ ኮከብ ምልክት ብቻ ጻፍ፤ ሁሉንም ፎልደር ይቀበላል። ዲስኩን ስትነቅል ስትሰካ ሌተሩ ከኢ ወደ ኤፍ ይቀየራል፤ ያኔ ይሄው ኤረር ተመልሶ ይመጣል።

ባክኤንድ_ሐዋሳ፦

የሌተሩ ነገር እውነት ነው፣ ጥሩ አነሳኸው። ኮከቡን ግን አልስማማበትም። ኮከብ ማለት ጥበቃውን ከነጭራሹ ማጥፋት ነው። ጀማሪ_ጅማ ዲስኩን ከላፕቶፕ ላፕቶፕ የሚያዞር ልጅ ነው። ነገ የማያውቀውን ሰው ፍላሽ ሰክቶ ፎልደር ይከፍታል። ጥበቃው የሚያስፈልገው ለእንደሱ ዓይነት ሰው ነው።

ለሌተሩ የተሻለው ይህ ነው። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈት፤ ኤክስተርናሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» በል። ሌላ ነገር የማይወስደውን ሌተር ስጠው፤ ለምሳሌ ፒ። ዊንዶውስ ያስታውሰዋል። አድራሻውን በዚያ ሌተር አስመዝግብ።

ሊኑክስ_ወዳጅ፦

በዚህ ተስማምቻለሁ። እኔ ኮከቡን የምጠቀመው ኮንቴይነር (ለብቻው የተከለለ ጊዜያዊ የሥራ ቦታ) ውስጥ ነው። እዚያ ከኔ ሌላ ሰው አይገባም፤ ሥራው ሲያልቅም ኮንቴይነሩ ይጠፋል። ለግል ላፕቶፕ የሐዋሳዋ ያለችው ይሻላል።

ጥቁር_ስክሪን፦

እኔ ጋም ያው «ሪፖ የለም» የሚል ነገር አለ፤ ግን ተርሚናል ላይ ጊት ስታተስ ስል በትክክል ይሠራል። ኤረር የለም። የኔ ምን ይሆን? ሌላ ክር ልክፈት?

ባክኤንድ_ሐዋሳ፦

እዚሁ ይሁን፤ ሌላም ሰው ይጠቅመዋል። ተርሚናሉ እየሠራ ኤዲተሩ ካላየ ጊት ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጥያቄው ኤዲተሩ የት እያየ ነው፣ ማንን እየጠራ ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የከፈትከውን ፎልደር እይ። ብዙ ጊዜ ሰው የሪፖውን ሥር ሳይሆን ከውስጡ አንዱን ፎልደር ነው የሚከፍተው፤ ፍሮንትኤንድ የሚለውን ብቻ ለምሳሌ። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ቪኤስ ኮድ ወደ ላይ ያለ ሪፖ ሲያገኝ በራሱ አይከፍትም፤ «ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቃል። ያንን መልእክት ሳታየው አልፈኸው ይሆናል። ሴቲንግ ውስጥ «ጊት፦ ኦፕን ሪፖዚተሪ ኢን ፓረንት ፎልደርስ» የሚለውን ፈልግ።

ተቃራኒውም አለ። ፕሮጀክቶችህ ሁሉ ያሉበትን ትልቁን ፎልደር ከፍተህ ሪፖው ሁለት ሦስት ፎልደር ወደ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ አያየውም። ወደ ታች የሚፈልገው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። «ሪፖዚተሪ ስካን ማክስ ዴፕዝ» የሚለውን ቁጥር ከ1 ከፍ አድርገው። ወይም ሪፖውን ራሱን ክፈት፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው።

ሁለቱም ካልሆነ መስኮቱ ላይ «ሪስትሪክትድ ሞድ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እይ። ፎልደሩን ስትከፍት «የዚህን ፎልደር ሠሪዎች ታምናለህ?» ሲልህ አላምንም ብለኸው ከሆነ ጊት አይነሳም።

ጊትን የጫንከው የት ነው?

ጥቁር_ስክሪን፦

ፎልደሩ ትክክለኛው ነው፤ ሪስትሪክትድም አይልም። ጊትን ሲ ላይ ቦታ ስላልነበረኝ ዲ ድራይቭ ላይ ነው ያደረግኩት። ፖርተብል የሚሉት ዓይነት ነው። ተርሚናል ስል ደግሞ ከሱ ጋር የመጣውን ጊት ባሽን ነው።

ባክኤንድ_ሐዋሳ፦

እንግዲያው እሱ ነው። ቪኤስ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ጊትን የሚፈልገው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥና ፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ነው። ያንተ ሁለቱም ጋ የለም። ጊት ባሽ ደግሞ ራሱ ጊት ስለሆነ ሁልጊዜ ያገኘዋል፤ እሱ መሥራቱ ማስረጃ አይሆንም።

ሴቲንግ ጄሰን የሚባለውን የቪኤስ ኮድ የሴቲንግ ፋይል ክፈትና «ጊት.ፓዝ» የሚለው ላይ የጊት ኢኤክስኢ ፋይሉን ሙሉ አድራሻ ጻፍ። ጄሰን ውስጥ ወደኋላ ያዘነበለው ስላሽ ድርብ ሆኖ ነው የሚጻፈው። ነጠላ ከጻፍከው አድራሻው ተበላሽቶ ይነበባል፤ አንተም «ጻፍኩት እኮ አልሠራም» ትላለህ። ከዚያ አውትፑቱን ክፈት። ከላይ አካባቢ የትኛውን ጊት እንዳገኘና ቨርዥኑን ይነግርሃል። ቨርዥኑ ደግሞ 2.0.0 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

ጥቁር_ስክሪን፦

ድርብ ስላሹ ነበር ያልገባኝ። መጣ! እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ዲሲ_ማታ፦

ማክ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህንን ያዙ። ሲስተሙን አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ኤዲተሩ ጊትን ካጣ፣ ተርሚናል ላይ ጊት ስትሉ «ኢንቫሊድ አክቲቭ ዲቨሎፐር ፓዝ» የሚል ከመጣ፣ የአፕል ኮማንድ ላይን ቱልስ መልሶ መጫን ነው። ትዕዛዙ «ኤክስኮድ-ሴሌክት --ኢንስቶል» ነው። ሙሉውን ኤክስኮድ ማውረድ አያስፈልግም፤ እሱ በጣም ትልቅ ነው።

ጀማሪ_ጅማ፦

የኔም ተከፈተ! ኮሚቶቹ ሁሉ አሉ። እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም።

ግን አሁን ሌላ ነገር መጣ። ሶርስ ኮንትሮል ላይ ፋይሎቹ በሙሉ ተቀይረዋል ይላል። እኔ አንድም መስመር አልነካሁም። አንዱን ከፍቼ ሳየው በግራና በቀኝ ያለው ጽሑፍ አንድ ነው። ልዩነቱ አይታየኝም። ኮሚት ላድርገው?

ባክኤንድ_ሐዋሳ፦

አታድርግ፣ ቆይ። ልዩነቱ ለዓይን የማይታይ ነገር ነው። ከቪኤስ ኮድ መስኮት ታች በቀኝ በኩል ሲአርኤልኤፍ ወይም ኤልኤፍ የሚል ታያለህ። የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው። ዊንዶውስ መስመርን በሁለት ምልክት ነው የሚጨርሰው፤ ሊኑክስና ማክ በአንድ። ጊት ፎር ዊንዶውስ ሲጫን ይህን ልቀይርልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ሁሉ ሳያነበው ኔክስት ኔክስት ይላል። ጓደኛህ አንዱን መርጧል፣ አንተ ሌላውን። ፋይሎቹ በሱ ምርጫ ተጽፈው ያንተ ጊት በራሱ ምርጫ ሲያነባቸው ሁሉም የተቀየረ ይመስለዋል።

መሆኑን ለማረጋገጥ «ጊት ዲፍ --ኢግኖር-ሲአር-አት-ኢኦኤል» በል። ባዶ ከመጣ እሱ ነው።

የላብ_መምህር፦

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። በዚህ ላይ ልጨምር፤ በየዓመቱ ተማሪዎቼን የሚያደክማቸው አንዱ ነገር ይህ ስለሆነ ነው።

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሴቲንግ እንዲያስተካክል መንገር አያዋጣም። አንዱ ይረሳል፤ አንዱ ኮምፒውተር ይቀይራል። ምርጫው ሪፖው ውስጥ ተጽፎ ከፕሮጀክቱ ጋር ይሂድ። በሪፖው ሥር ዶት ጊትአትሪቢውትስ የሚባል ፋይል ፍጠርና አንድ መስመር ጻፍበት፦

* ቴክስት=ኦቶ

ከዚያ ይህን አዲስ ፋይል በ«ጊት አድ» አስገባው፤ ቀጥሎ «ጊት አድ --ሪኖርማላይዝ ነጥብ» ብለህ ኮሚት አድርግ። «ነጥብ» ያልኩት ምልክቷን ነው። ከዚህ በኋላ የሦስታችሁም ማሽን በአንድ ሕግ ይሠራል፤ በየግል ያለው ምርጫ አይረብሽም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህን የምታደርገው ሌሎቹ ሁለቱ የያዙትን ሥራ ጨርሰው ካስገቡ በኋላ ነው። ያ ኮሚት ብዙ ፋይል በአንዴ ሊነካ ይችላል። ሌላው ሰው ያላስገባው ሥራ ካለው መርጅ ሲያደርግ (ሁለቱን ሲያዋህድ) መከራውን ያያል። ተጠራርታችሁ፣ ሁላችሁም ባዶ እጃችሁን ስትሆኑ አድርጉት።

ጀማሪ_ጅማ፦

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። አረጋግጫለሁ፤ ባዶ ነው የመጣው። ማታ ስንገናኝ አብረን እናደርገዋለን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ቪኤስ ኮድ በጣም ብዙ ለውጥ ስላለ አንዳንድ ነገር አጥፍቻለሁ የሚል ማስጠንቀቂያም አምጥቷል። እሱም ከዚሁ ነው?

የላብ_መምህር፦

እሱ ሌላ ነው። ኤዲተሩ የሚቀበለው የለውጥ ብዛት ገደብ አለው፤ 10,000 ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ሴሚስተር ያን ያህል ፋይል አይጽፉም። ኖድ ሞጁልስ የሚባለው፣ የወረዱ ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት ፎልደር፣ ዶት ጊትኢግኖር (ጊት እንዲተዋቸው የምንፈልጋቸው ነገሮች ዝርዝር) ውስጥ አልተጻፈም ማለት ነው። ጻፈው። ገደቡን ከፍ ለማድረግ አትሞክር።

በነገራችን ላይ እኛ ላብ ውስጥ ከሁሉም የሚበዛው ሌላ ነው። ተማሪው ኮሚት እያደረገ መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ኤዲተሩ ምንም አልቀበልም ይላል፤ አውትፑቱ ላይ «ኢንዴክስ.ሎክ» የሚል ፋይል አለ ብሎ ይጽፋል። ጊት ሥራ ሲጀምር ይህን ፋይል ይፈጥራል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። መብራቱ ሲሄድ ሳያጠፋው ይቀራል። ሌላ የጊት ሥራ እየሄደ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ ዶት ጊት ውስጥ ገብታችሁ ያችን አንዲት ፋይል ብቻ ደልቱ። ሌላ ምንም አትንኩ።

ፈጣን_ኮደር፦

ጥሩ ትምህርት ነው መምህር። የፑሽን ነገርም ብታነሱት። ላብ ውስጥ ፑሽ ሳደርግ 403 (አልተፈቀደም) ይላል፤ ስሙን ሳየው የኔ አይደለም፣ የማላውቀው ሰው ዩዘርኔም ነው። ቤት ደግሞ ፓስወርዴን በትክክል እየጻፍኩ አይቀበለኝም።

ባክኤንድ_ሐዋሳ፦

ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

የላቡ፦ ካንተ በፊት የነበረው ልጅ በዚያ ዊንዶውስ ላይ ወደ ጊትሀብ ገብቶ ሄዷል። ዊንዶውስ መግቢያውን አስቀምጦታል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ክሬደንሻል ማኔጀርን ክፈት፤ ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ ሥር በጊት የሚጀምር የጊትሀብ መስመር አለ። እሱን አጥፋና ፑሽ ስታደርግ እንደ አዲስ ግባ። ስትጨርስ ያንተንም አጥፋ። ይህን እባክህ እንዳትረሳ፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው በአንተ ስም ፑሽ ማድረግ ይችላል። ዩዘር ኔምና ኢሜይልህንም በግሎባል አትጻፍ፤ ሪፖው ላይ ብቻ ጻፍ። አለዚያ የሌላው ኮሚት ሁሉ በስምህ ይመዘገባል።

የቤቱ፦ ጊትሀብ ለጊት ሥራ ፓስወርድ መቀበል ያቆመው በነሐሴ 2013፣ በፈረንጅ ኦገስት 13፣ 2021 ነው። ፓስወርድህ ትክክል ቢሆንም አይገባም። በብራውዘር ግባ የሚል መስኮት ከመጣ በሱ ግባ፤ ካልመጣ ፐርሰናል አክሰስ ቶክን (ጊትሀብ የሚሰጥህን የመግቢያ ኮድ) አውጥተህ በፓስወርዱ ቦታ እሱን ጻፍ።

ዳታ_ቆጣቢ፦

ስለ ኢንተርኔት ካነሳችሁ እኔም አንድ ነገር። ቪኤስ ኮድ አንዳንዴ «በየጊዜው ጊት ፌች ላድርግልህ?» (አዲስ ለውጥ ከሰርቨሩ ላምጣልህ?) ብሎ ይጠይቃል። የምትጠቀሙት የሞባይል ፓኬጅ ከሆነ አይ በሉት። እሺ ካላችሁት በየ180 ሰከንዱ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ቀድሞ የተከፈተ ከሆነ ሴቲንግ ላይ «ጊት፦ ኦቶፌች» የሚለውን አጥፉ። ፌች ሲያስፈልጋችሁ ራሳችሁ ተጫኑ።

ትልቅ ሪፖ ክሎን ስታደርጉ (ሙሉ ኮፒውን ስታወርዱ) ግማሽ ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ጊት ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። «--ዴፕዝ 1» ጨምራችሁ የመጨረሻውን ብቻ አውርዱ። ታሪኩን ሌሊት ኔትወርኩ ሲሻል «ጊት ፌች --አንሻሎው» ብላችሁ ታመጡታላችሁ።

የስሚት_ዲዛይነር፦

ይቅርታ፣ ትንሽ የተለየ ጥያቄ። የአንዳንድ ፋይሎቼ ስም በአማርኛ ነው። ተርሚናል ላይ ጊት ስታተስ ስል «ሪፖርት» የሚለው ፋይል በ«\341\210\252» ጀምሮ በቁጥር ይዘረዘራል። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ግን በትክክል ይነበባል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

ሊኑክስ_ወዳጅ፦

አልተበላሸም። ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጪ ያለውን ስም ሲያሳይ ባይቶቹን በቁጥር ነው የሚጽፋቸው። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚጽፍበት ኮድ) ሦስት ሦስት ባይት ነው፤ ያየሽው «ሪ» ነው። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ» በይ። ከዚያ ስሙን በአማርኛ ታዪዋለሽ። ቪኤስ ኮድ ስሞቹን ከጊት የሚወስደው በሌላ መንገድ ስለሆነ ድሮም አያምታታውም።

የስሚት_ዲዛይነር፦

ሠራ፣ እናመሰግናለን።

ጀማሪ_ጅማ፦

የጊትአትሪቢውትሱን ነገር ሦስታችን ሆነን አደረግነው። አሁን ሶርስ ኮንትሮል ንጹሕ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። አንዱ ጓደኛችን ለበዓል ቤተሰብ ጋ ሄዷል፤ እዚያ ኔትወርኩ ደካማ ነው። ዲስኩ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ሥራውን እንዴት እናካፍለው? ፎልደሩን ዚፕ አድርገን ብንልክለት ከቁጥር በላይ ኮፒ ሊኖረን ነው።

የላብ_መምህር፦

ዚፑን ተዉት። ጊት ለዚህ የተሠራ ነገር አለው፤ ባንድል ይባላል። የሪፖውን ታሪክ በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል፦

ጊት ባንድል ክሬኤት ፕሮጀክት.ባንድል --ኦል

ያን አንድ ፋይል በፍላሽም በቴሌግራምም መላክ ይቻላል። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚቀበል የናንተ ያልፋል። ተቀባዩ ከዚያ ፋይል ልክ ከጊትሀብ እንደሚያደርገው ክሎን ያደርጋል። ኖድ ሞጁልስን የመሰለ ኮሚት ያልተደረገ ነገር ስለማይገባበት ከዚፑ በብዙ ያነሰ ይሆናል። አንድ ተራ ፋይል ስለሆነም ያ የባለቤትነት ኤረር አይነሳበትም። እንዲያውም ዲስኩንም ቢሆን የምትሠሩበትን ፎልደር ተሸክሞ ከማዞር ባንድል ብታስቀምጡበት ይሻላል። እያንዳንዳችሁ በየላፕቶፓችሁ የየራሳችሁ ሪፖ ይኑራችሁ።

ጀማሪ_ጅማ፦

መምህር፣ እና በሚቀጥለው ጊዜ ሙሉውን እንደገና ልንልክለት ነው? እሱስ የሠራውን እንዴት ይመልስልናል?

የላብ_መምህር፦

ሙሉውን አትልክም። ባንድሉን የላክህ ቀን ሜይን (ዋናው) ብራንች ላይ ታግ (የኮሚት መለያ ስም) አድርግበት፤ «የተላከ» በለው እንበል። በሚቀጥለው ጊዜ በ«--ኦል» ቦታ «የተላከ..ሜይን» ብለህ ትጽፋለህ። ከታጉ ወዲህ ያሉት ኮሚቶች ብቻ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ የኪሎባይት ነገር ነው። ከላክህ በኋላ ታጉን ወደ አዲሱ ኮሚት አዛውረው።

እሱም በራሱ በኩል እንዲሁ ያደርጋል። የመጣለትን ፋይል መጀመሪያ «ጊት ባንድል ቬሪፋይ» ብሎ ይፈትሸው፤ የጎደለው ቀዳሚ ኮሚት ካለ ይነግረዋል። ደህና ከሆነ «ጊት ፑል» ብሎ የፋይሉን አድራሻና የብራንቹን ስም ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ኮንፍሊክት (የሚጋጭ ለውጥ) ቢመጣ እንኳ፣ ቪኤስ ኮድ ውስጥ እንደ ሌላው ጊዜ ይጨርሰዋል።

ጀማሪ_ጅማ፦

ቴሌግራም ላይ ልኬለታለሁ። ክሎን አድርጎ ከፍቶታል፤ አሁን ከራሱ ብራንች ላይ እየሠራ ነው። ሌላ ሰው እንዳይቸገር የክሩን ርዕስ «ተፈትቷል» ብዬ ላስተካክለው ነው።